ትሰሚዋለሽ፣ እሱ ግን አይሰማሽም

ቆይ፣ ቆይ። ቁልፉን ልቀቂው። ከማድ ቤት ሆኜ ስሰማሽ ግማሽ ሰዓት ሆነኝ፤ ትጫኛለሽ፣ ኮልሳይንሽን፣ ያን የራዲዮ መጠሪያሽን፣ ትጠሪያለሽ፣ ትለቂያለሽ፣ ከዚያ «ኤጭ!» ትያለሽ። አሁን ደግሞ ራዲዮው የመጣበትን ካርቶን ስትፈልጊ አየሁሽ። ካርቶኑን እዚያው ተይውና ጠጋ በይልኝ፤ በትከሻሽ ላይ ልይ። አይዞሽ፣ አልነጥቅሽም። ራዲዮው እጅሽ ላይ ይቆይ። እኔ ከነካካሁት ዛሬ ይሠራልሽና ነገ ሥራ ስገባ መልሰሽ እዚሁ ነሽ።

መጀመሪያ የማልደራደርበትን ልጠይቅሽ፤ ኮልሳይንሽ በኤፍሲሲ፣ ፈቃድ በሚሰጠው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ላይ ወጥቷል? ጎበዝ። በአማተር ራዲዮ ፈተናው ከ35 ጥያቄ 26ቱን መመለስ ብቻውን አይበቃም፣ 35 ዶላሩን መክፈልም አይበቃም፤ መዝገቡ ላይ እስኪታይ ድረስ ማዳመጥ እንጂ መጫን የለም። አንቺ 33 እንዳገኘሽ ቤተ ዘመድ ሁሉ ሰምቷል። ፈተናው ግን በረንዳ ላይ ቆሞ መልስ የሚያጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ አያስተምርም።

በብሉ ሪጅ ተራሮች ላይ ያለውን ሪፒተር፣ የሰማውን መልሶ የሚልከውን ጣቢያ፣ ነው አይደል የምትጠሪው? ከዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ 80 ኪሎሜትር ይሆናል። ሰዎቹ ሲያወሩ ጥርት አድርገሽ ትሰሚያቸዋለሽ፤ አንቺ ስትጠሪ ግን የሚመልስ የለም። «እኔ እየሰማሁት እሱ እንዴት አይሰማኝም?» ስትይ ሰማሁሽ። ጥያቄው ትክክል ነው። ብቻ ለራዲዮው እየተቆጣሽ ስለጠየቅሽው ነው መልስ ያጣሽው።

አባባ የጀርመን ድምፅን ለመስማት ከቴፑ አንቴና ላይ ሽቦ አስሮ እስከ ልብስ ማስጫው ድረስ ይዘረጋው የነበረውን አታስታውሺም፤ ሕፃን ነበርሽ። ሽቦዋን ነክቶ የሚያልፍ ልጅ ወዮለት። ያ ግን መስማት ብቻ ነው። ማዶ ያለው ጣቢያ ጉልበቱ ብዙ ስለነበር ከአባባ የሚጠበቀው አንድ ሽቦ ነበር። አንቺ ደግሞ መልሰሽ መናገር አለብሽ፣ ጉልበትሽም ትንሽ ነው። ተራራው ላይ ያለው ሪፒተር 50 ዋት ይልካል እንበል፤ የአንቺ የእጅ ራዲዮ ቢበዛ 5 ዋት ነው። አሥር እጥፍ። በዲሲቤል ስትቆጥሪው 10 ነው። መንገዱ ግን ለሁለታችሁም ያው አንድ መንገድ ነው፤ እሱ ወደ አንቺ ሲመጣ የሚያጣውን አንቺም ወደ እሱ ስትሄጂ ያንኑ ታጫለሽ። ስለዚህ እሱን ስትሰሚ አሥር ዲሲቤል ትርፍ ካለሽ አንቺም ትደርሻለሽ፤ እየተንጠራራሽ የምትሰሚው ከሆነ አትደርሺም።

ትርፍ መኖሩን እንዴት ታውቂያለሽ? ስክሪኑ ላይ ያሉትን መስመሮች አትመኛቸው፤ በእንዲህ ዓይነቱ ርካሽ ራዲዮ ላይ ወይ ሞልተው ይታያሉ ወይ የሉም። ይልቅ ይህን አድርጊ፦ ሰዎቹ ሲያወሩ ራዲዮውን ደረትሽ ላይ ለጥፈሽ ጀርባሽን ለተራራው ስጪ። ሰውነትሽ ውኃ የሞላው እንስራ ማለት ነው፤ ምልክቱን ይጋርዳል። ተጋርዶም ድምፁ ጥርት ካለ ትርፍ አለሽ፣ መንገድም አለሽ፤ ካልደረስሽ ጥፋቱ የራዲዮው አሞላል ላይ ነው። ስትዞሪ «ሽሽሽ» የሚል ነገር ከገባ ደግሞ ጥፋቱ መንገዱ ላይ ነው። እስቲ ዙሪ።

ጥርት ብሏል? እንግዲያው ተራራውን ለጊዜው እንርሳውና ስክሪኑን እንይ።

ሪፒተሩን ትልቅ አጥር ግቢ በይው። የሚያወራበት በር አንድ ነው፣ የሚሰማበት በር ሌላ ነው፤ በሚሰማበት በር ላይ ደግሞ ዘበኛ ተቀምጧል። አንቺ የምትሰሚው በሚያወራበት በር ነው። ስትናገሪ ግን ዞረሽ በሌላኛው በር ማንኳኳት አለብሽ። የሁለቱ በሮች ርቀት ኦፍሴት ይባላል። በ2 ሜትር ባንድ ላይ አሜሪካ ውስጥ የተለመደው 600 ኪሎኸርዝ ነው፤ በ70 ሳንቲሜትር ባንድ 5 ሜጋኸርዝ። ለምሳሌ በ146.880 የሚያወራ ሪፒተር በ146.280 ይሰማል፤ ይህ መቀነስ ነው። ከ147 በላይ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ በመደመር ይሄዳሉ። የትኛው እንደሆነ በግምት አይሞላም፤ የሪፒተሩ ባለቤቶች የሚያወጡት ዝርዝር ላይ ተጽፏል።

በባኦፌንግ ዩቪ-5አርሽ ላይ አቅጣጫው ሜኑ 25 ነው፣ ልኩ ሜኑ 26። 25ን ክፈቺ። መቀነስ ይላል፤ ደኅና። አሁን 26ን።

እህ። አየሽው?

006.000 ነው የሚለው። 6 ሜጋኸርዝ ማለት ነው። መሆን የነበረበት 000.600 ነው። ነጥቡ የት እንዳለ ሳታዪ «ስድስት» ጽፈሽ አልፈሻል። እና ይህን ግማሽ ሰዓት በ140.880 ላይ ስትጮሂ ነበር። የአማተሮች ክልል ከ144 እስከ 148 ሜጋኸርዝ ነው፤ አንቺ ግን ከአጥሩ ውጭ፣ የሰው ማሳ ውስጥ ገብተሽ ነበር። አትደንግጪ፤ ግን ቀላል ነገርም አይደለም። ይህ ራዲዮ ከ136 እስከ 174 ድረስ «የት ትሄጃለሽ?» ሳይል ይልካል፤ የሚጠይቅሽ ሕጉ ነው፣ የምትጠነቀቂውም አንቺ ነሽ። ለዚህ ነው ቁልፉን ስትጫኚ ኮልሳይንሽን እየጠራሽ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ቁጥር የምታነቢው። ስትጫኚ ቁጥሩ ወደ መላኪያው ይቀየራል። 146.880 የነበረው 146.280 ካልሆነ ወዲያው ልቀቂ። ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ቻናል በሞላሽ ቁጥር ይህን አድርጊ፤ እኔ በሞባይል ማማ ላይ 12 ዓመት ሠርቼ እስከ ዛሬ አደርገዋለሁ።

አስተካከልሽው? ቆይ፣ አትጫኚ። ዘበኛውን ረሳሽው።

ዘበኛው ዝም ብሎ ለሚያንኳኳ አይከፍትም፤ ስም ይጠይቃል። ስሙ ቶን ይባላል፤ ከድምፅሽ በታች የሚሄድ ዝቅ ያለ እምምታ ነው፣ ጆሮ አይሰማውም ማለት ይቻላል። 67.0 ኸርዝ ብሎ ጀምሮ 69.3፣ 71.9፣ 74.4፣ 77.0 እያለ ይወጣል። 100.0ና 103.5 ጎረቤት ናቸው፤ ለዘበኛው ግን አልማዝና አልማዜ አንድ አይደሉም፤ 103.5 ለሚጠብቅ 100.0 ብትሰጪው አያውቅሽም። ራዲዮሽ ላይ ቶን የሚሞላበት ሁለት ቦታ አለ። ሜኑ 13 ስትልኪ የምትሰጪው ነው፤ ሜኑ 11 አንቺ ራስሽ ለመስማት የምትጠይቂው ነው።

የኔን ጥፋት አሁን ልንገርሽ። የመጀመሪያ ራዲዮዬን የገዛሁ ጊዜ ቶኑን 11 ላይ ሞላሁት። ሪፒተሩ ያንኑ ቶን መልሶ ይልክ ስለነበር ቁልጭ ብሎ ይሰማኛል፤ «ሞልቼዋለሁ፣ ተጽፎ ይታየኛል» እያልኩ እምላለሁ። ለራሴ በር ዘበኛ አቁሜ የሰው በር ላይ ግን ስም አልሰጥም ነበር። ሳምንት ሙሉ! በሳምንቱ መጨረሻ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ጉልበት ቢያንሰው ነው ብዬ 8 ዋት የሚል ሌላ ራዲዮ ገዛሁ። እሱም ላይ 11ን ሞላሁ። ገንዘቡ አይቆጨኝም፣ ማፈሬ ነው እንጂ። ስለዚህ 13 ላይ ሙዪ፣ 11ን ባዶ ተይው። ባዶ ሲሆን ሁሉንም ትሰሚያለሽ፤ ለመማር ደግሞ ሁሉን መስማት ይሻላል።

ደግሞ እዪው፣ ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር አለ፤ ላይና ታች። ቀስቷ የቆመችው የትኛው ላይ ነው? የላይኛውን እያዳመጥሽ በታችኛው ልትልኪ ትችያለሽ። የመንታ ማዳመጫውን በሜኑ 7 ዝጊው፤ ለጀማሪ ጣጣ ነው። ሜኑ 2 ላይ ጉልበቱ ከፍተኛ ይሁን፤ ዝቅተኛው 1 ዋት አካባቢ ነው። ባትሪው ሙሉ ነው? የደከመ ባትሪ ሲሰሙበት ጤነኛ ይመስላል፤ ሲጫኑት ነው ወገቤን የሚለው። ይህ ሁሉ ሲሰለችሽ ቻርፕ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተርሽ ላይ ጫኚና በሰንጠረዥ ሙዪው፤ ስሕተቱ እንደ ተልባ ፍሬ በነጭ ሰሐን ላይ ይታያል። ግን አንድ ጊዜ በእጅሽ ሞልተሽ እወቂው፤ መንገድ ላይ ኮምፒውተር አይኖርም።

አሁን ጫኚ። ኮልሳይንሽን በይና «ሙከራ ነው» በይ። ኮልሳይኑን በእንግሊዝኛ፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር በአማርኛ ብታወሪ ማንም አይከለክልሽም፤ ራስሽን ስታስታውቂ ግን፣ በየ10 ደቂቃውና ወሬው ሲያበቃ፣ በእንግሊዝኛ ነው። ስም ሳይጠሩ ጠቅ አድርጎ መሸሽ ሕግ ያፈርሳል፤ ደግሞም የሰው በር አንኳኩቶ እንደሚሮጥ ዱርዬ ያስቆጥርሻል። ሪፒተሩ ላይ ያሉት ሽማግሌዎች ቀኑን ሙሉ ያዳምጣሉ፤ ማን እንደሆነች ባያውቁም «ያቺ ጠቅታ ደግሞ መጣች» ይላሉ።

ልቀቂ። ዝም በይና ስሚ።

ሰማሽው? ስትለቂ ወዲያው ጭጭ አላለም፤ አንድ ሁለት ሰከንድ ክፍት ሆኖ ቆየና «ቢፕ» ብሎ ተዘጋ። ያ ጭራው ይባላል። ሪፒተሩ ሰምቶሽ፣ በሩን ከፍቶ፣ ቀጣዩን ሰው እየጠበቀ ነው። ከዚህ በኋላ የምታምኚው ጭራውን ነው፤ የሰውን መልስ አይደለም። ሰው ቡና ላይ ሊሆን ይችላል፣ መኪና እየነዳ ሊሆን ይችላል፣ ሊሰለቸውም ይችላል። ጭራውን ሰምተሽ መልስ ከጠፋ ደርሰሻል፤ የጠፋው የሚመልስ ሰው ነው። ጭራው ራሱ ከሌለ አልደረስሽም ወይም ስም አልሰጠሽም። ጭራው ኖሮ ሰው «ግማሽሽ ብቻ ነው የገባው» ካለሽ ደግሞ በሩ ላይ ደርሰሽ እየተንገዳገድሽ ነው።

ይኸው፣ መለሰልሽ! ምን አለ? «የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደሎች አልተሰሙኝም፣ በጫጫታ ውስጥ ነሽ።» ጥሩ ሰው ነው፤ እንዲህ ዘርዝሮ የሚነግርሽ ሰው ከመቶ አንቴና ይበልጣል። አመስግኚውና አስተካክዬ እመለሳለሁ በይው።

አዎ፣ ቅድም ጀርባሽን ሰጥተሽ ጥርት ብሎ ሰምተሻል። ያኔ ግን በረንዳው ጫፍ ላይ ነበርሽ፤ አሁን ሜኑ ስትነካኪ ገብተሽ ሶፋው ላይ ተቀመጥሽ። በአንቺና በተራራው መካከል አሁን መስታወቱ አለ። የዚህ ሕንፃ መስታወት ሙቀት እንዳያሳልፍ ስስ የብረት ቅብ ያለው ዓይነት ይመስለኛል፤ እንዲህ ዓይነቱ ራዲዮንም ይገታል። ግድግዳውም በብረት የታሰረ ኮንክሪት ነው። ውጪ።

ከዚህ ጀምሮ የማወራው ስለ መንገዱ ነው፤ ሰዎች ገንዘባቸውን የሚደፉትም እዚህ ላይ ነው። «80 ኪሎሜትር በ5 ዋት እንዴት ይሆናል?» ይሉሻል። ከምድር ወደ 400 ኪሎሜትር ከፍ ብሎ በሚዞረው የዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ የአማተር ሪፒተር አለ፤ በ145.990 በ67 ኸርዝ ቶን ይሰማል፣ በ437.800 ይመልሳል። የእጅ ራዲዮ ይዘው፣ በሌላኛው እጃቸው እንደ ዓሣ አጥንት የተዘረጋ ትንሽ አንቴና ወደ ሰማይ አቅንተው የሚያናግሩበት ሰዎች አሉ። ለምን ይደርሳሉ? በመካከላቸው የሚጋርድ ነገር ስለሌለ። ርቀት ምልክትን ያሳሳዋል እንጂ አይገድለውም። የሚገድለው ኮረብታው፣ ሕንፃው፣ እርጥብ ቅጠሉ፣ የምድር ጉብታ ነው።

መንዝ፣ አያታችን ዘንድ፣ ሰው ማዶ ያለ ጎረቤቱን ሲጠራ ገደል ውስጥ ሆኖ አይጮህም። በቅድሚያ ሸንተረሩ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ይጣራል። የሚወጣበትን ድካም የሚከፍለው ጉሮሮው እንዳይነቃ ነው። የአንቺም ነገር እንደዚያው ነው። ሁለት ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ የእጅ ራዲዮ ቢይዝ የምድር ክብነት ብቻ ወደ 10 ኪሎሜትር ላይ ይገታቸዋል። አንደኛው ከአካባቢው 500 ሜትር ከፍ ያለ ተራራ ላይ ከወጣ ግን በስሌት ከ90 ኪሎሜትር በላይ ይታያል። አንቺ ደግሞ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነሽ። ስሌቱ ከአንቺ ጋር ነው።

ስለዚህ 8 ዋት አትግዢ። ከ5 ወደ 8 መሄድ 2 ዲሲቤል ነው፤ ማዶ ያለው ሰው ልዩነቱን አያስተውለውም። አንድ እርምጃ ወደ ግራ መሄድ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። የዚህ ባንድ ሞገድ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ነው፤ ከግድግዳ እየነጠረ የሚመጣው ከቀጥተኛው ጋር አንዳንድ ቦታ ይደጋገፋል፣ አንዳንድ ቦታ ይጣፋፋል። ጉድጓድ ውስጥ ቆመሽ ከሆነ ግማሽ ሜትር ወይም አንድ ሜትር ስትንቀሳቀሺ ትወጫለሽ። እያዳመጥሽ ተራመጂ፤ ጫጫታው ጨርሶ የጠፋበት ቦታ ላይ የአበባ ማሰሮ አስቀምጪበት።

አያያዝሽ። አንቴናውን ለምን አጋደልሽው? እንደ ስልክ ጉንጭሽ ላይ ለጠፍሽው እኮ። የተራራው አንቴና ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አንቺም ቀጥ አድርጊው። አንዱ ቆሞ ሌላው ሲጋደም ምልክቱ በብዙ እጥፍ ይወድቃል። ከአፍሽ አራት ጣት ያህል አርቂው፣ አንቴናውም ከጭንቅላትሽ በላይ ይውጣ። ቀበቶ ላይ ሰክቶ በማይክ ማውራት ፊልም ላይ ያምራል፤ ወገብሽ ግን አንቴናውን ይበላዋል። ጣትሽ ደግሞ የማይኩን ቀዳዳ ሸፍኗል፤ አንሺው። እንደዚያ ሆነሽ ስትናገሪ ምልክቱ ደርሶ ድምፅሽ አይደርስም፤ ሰዎች ደግሞ «አይሰማም» ብቻ ነው የሚሉሽ፣ የትኛው እንደጠፋ አይለዩልሽም።

አብሮ የመጣው አጭር አንቴና የሚመቸው ለኪስ ነው። በ146 ሜጋኸርዝ ሩብ ሞገድ ወደ 49 ሳንቲሜትር ነው፤ ያንቺ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። 40 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ ተጣጣፊ አንቴና ግዢና ልዩነቱን እዪ፤ ከሁለተኛ ራዲዮ ይረክሳል። ከዚያ በፊት ግን በነፃ የሚሆን አንድ ነገር ላሳይሽ። ያን አሮጌ የስፒከር ሽቦ አምጪ። 49 ሳንቲሜትር ቁረጪ፣ ጫፉን ላጪ፣ አንቴናው በሚጠመዘዝበት ቦታ ዙሪያ ካለው የብረት ቀለበት ጋር እንዲነካ አድርገሽ እሰሪውና ወደ ታች ይንጠልጠል። መሃለኛውን እንዳይነካ ተጠንቀቂ። አማተሮቹ የነብር ጭራ ይሉታል። አንቴና ብቻውን ግማሽ ነው፤ የሚንጠለጠለው ሽቦ ሌላውን ግማሽ ይሆንለታል። እስከ አሁን ሌላኛው ግማሽ የአንቺ እጅ ነበር፣ እጅ ደግሞ ጥሩ ሽቦ አይደለም።

መኪና ውስጥ ከሆንሽ ሌላ ነገር ነው። መኪና የብረት ሣጥን ነው፤ መስኮት ማውረድ ትንሽ ይረዳል። ማግኔት ያለው አንቴና ጣሪያው መካከል ላይ ማስቀመጥ ግን ጣሪያውን ራሱን የአንቴናው ሌላ ግማሽ ያደርገዋል። ለቤት ደግሞ ውጭ አንቴና ልስቀል ስትይ ገመዱን አስቢበት። አርጂ-58 የሚባለው ቀጭን ገመድ በ15 ሜትር ላይ በዚህ ባንድ ጉልበትሽን ወደ ግማሽ ያወርደዋል፤ በ70 ሳንቲሜትር ባንድ ላይማ ይብሳል። አንቴናውን ወደ ላይ ሰቅለሽ ያገኘሽውን ገመዱ ቁጭ ብሎ ይበላዋል።

ጓደኛሽ ቅዳሜ ራዲዮዋን ይዛ ስትመጣ አንድ ወጥመድ አለ፤ አሁኑኑ ልንገርሽ፣ እኔም ወድቄበታለሁና። ሁለታችሁ አንድ ክፍል ቁጭ ብላችሁ አንዷ ስትልክ ሌላዋ ሪፒተሩን ለመስማት ትሞክራለች፤ ምንም አይሰማም። «ይኸው አይሠራም» ትላላችሁ። የሚላከው ጉልበት ከአጠገቡ ያለውን ተቀባይ ያደነቁረዋል፤ ጆሮሽ ሥር ሰው እየጮኸ ከማዶ የሚንሾካሾክን ለመስማት እንደመሞከር ነው። አንዷ ከሌላዋ ትራቅ። ከዚያ ይልቅ የሚጠቅመው የእሷን ራዲዮ ሪፒተሩ በሚሰማበት ቁጥር ላይ ማድረግ ነው፤ ድምፅሽ በትክክል በዚያ በር እየወጣ መሆኑን ያኔ ታረጋግጪያለሽ። ቶንሽንም 11 ላይ ሞልታ ትፈትንሽ። አየሽ፣ 11 አንድ ቀን ጠቀመን።

ሌላው ደግሞ የአየሩ ጨዋታ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ንጋት ላይ ሞቃት አየር በቀዝቃዛው ላይ እንደ ክዳን ሲደፋበት ምልክቱ ከሥሩ ተሸጉጦ ሩቅ ይጓዛል። ከሁለት ክፍለ ሀገር ማዶ ያለ ሪፒተር እንደ ጎረቤት ይሰማሻል፤ ትደርሻለሽም። ፀሐይ ሲወጣ ይተናል። ያን ቀን ያገኘሽውን እንደ ደንብ አትያዢው፤ ማታ ስታጪውም ሜኑ መፍታት አትጀምሪ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ኡበር የሚነዱት ያጎታችን ልጆች «ለሥራ ይሆነናል» ብለው ቢጠይቁሽ አይሆንም በያቸው። አማተር ራዲዮ ለገንዘብ ሥራ አይውልም። ለቤተሰብ መገናኛ ከፈለጉ ጂኤምአርኤስ የሚባል አለ፤ ፈተና የለውም፣ አንድ ሰው 35 ዶላር ከፍሎ ለቤተሰቡ 10 ዓመት ያገለግለዋል። ለእረፍት አዲስ አበባ ስትሄጂም ራዲዮውን ያለ ፈቃድ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው። ይልቅ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሂጂና ኢቲ3ኤኤ የሚባለውን የአማተር ራዲዮ ክበብ ጣቢያ እዪ። ኮልሳይኑ ውስጥ ያለው ኢቲ የአገራችን ምልክት ነው። እኔ በዚያ በር ስንት ጊዜ አልፌ አንድም ቀን አልገባሁም፤ አሁን ነው የሚቆጨኝ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ካልገባሽስ? ከአንዳንድ በረንዳ አይገባም። የእኛ ወደ ደቡብ ነው የሚያየው፤ ተራራው በምዕራብ ነው፣ የጎረቤት ሕንፃም ቀኝ ትከሻችን ላይ ቆሟል። ላም አለኝ በሰማይ እያልሽ አትኑሪ፤ እዚሁ ቅርብ ያለውን ሪፒተር ተጠቀሚ። አንዳንዶቹ በኢንተርኔት ከሩቆቹ ጋር የተሳሰሩ ናቸው፤ ፈቃድ ላለው ሰው ኢኮሊንክ የሚባለው ፕሮግራም በስልክ ያስገባል። ራዲዮሽ ጤነኛ መሆኑን የምታውቂውም መጀመሪያ በቅርቡ ስትሞክሪ ነው፤ በእውነቱ ከዚያ መጀመር ነበረብሽ፣ ግን ሰው ሲጀምር ተራራ ነው የሚያምረው። ቅዳሜ ደግሞ የገበያ ማዕከሉ የመኪና ማቆሚያ የመጨረሻው ፎቅ ላይ እንወጣለን። ምዕራቡ ክፍት ነው።

አሁን ግን ወደ ቀኝ ጥግ ሂጂ፤ ልብስ ማድረቂያውን አልፈሽ፣ አዎ፣ የብረቱ አጥር ጋ አትጠጊ። እዚያ ጋ በጎረቤት ሕንፃና በእኛ ግድግዳ መካከል ትንሽ ሰማይ ይታያል፤ ተራራው በዚያ በኩል ነው። ሽቦው ይንጠልጠል። አንቴናው ቀጥ ይበል። ሰውዬው አሁንም እያዳመጠ ነው፣ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። ከመናገርሽ በፊት ተጭነሽ አንድ ሰከንድ ጠብቂ፤ በሩ እስኪከፈት የመጀመሪያዋ ፊደል ትቆረጣለች። በዝግታ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ።

በቃ፣ ልቀቂ።

እሽሽ፣ አትናገሪ። ጭራውን ስሚ።